እስከ መሬት የወረደ ጨርቅ

«ተመልከቺ፣ ደግሞ ገባ» አለች ጎረቤቷ፣ አፏን በሻርፗ ከልላ።

ልብስ ሰፊዋ ማየቱንስ አይታለች። ሻይ የሞላበትን ትሪ እንደያዘች ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ ፍላሽ የሚባለው ሰው የወንድሟን የዘፈን ሸክላ ክፍል በር ገፋ ሲያደርግ፣ ግራና ቀኙን ቃኝቶ ሹልክ ሲል፣ አንዱም አላመለጣትም። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ከተቀመጠበት ይልቅ እዚያ ክፍል የተሸሸገበት ጊዜ ይበልጣል። ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥለው ጥቁር ቦርሳ ሲገባ ባዶ ነው፤ ሲወጣ ሆዱ ተነፍቶ ይወጣል።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ጎረቤቷ አልተወቻትም። «ለመሆኑ እሱን ሸክላ ምን ያደርግለታል? በኮምፒውተር አይደል የሚያጫውተው?»

«ይሸጠዋላ!»

«እኔ አላልኩም፤ አንቺው ነሽ ያልሽው» አለችና ሻይዋን ፉት አለች። እንዲህ ናት እሷ፤ እሳቱን ለኩሳ ጭሱን የምትሸሽ።

ሟቹን አገር ምድሩ «ሸክላው» ነበር የሚለው። ሠርግ የሚያደምቁት ዲጄዎች ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሲዲ፣ ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተር ሲነጉዱ እሱ ብቻ ከነሣጥኖቹ ቀረ። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ተሸክሞ ይገባል፣ ተሸክሞ ይወጣል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደገችው ይህችው ልብስ ሰፊ እህቱ ናት። በልጅነቱ ከቆሻሻ መጣያ ያገኛት የመጀመሪያዋ ሸክላ ማጫወቻ የምትዞርበት የላስቲክ ቀበቶዋ የተበጠሰ ነበር፤ ከስፌት ሣጥኗ የቀሚስ ላስቲክ ቆርጣ የገጠመችለት እሷ ናት። ዘፈኑ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደም ቢሆን ተጫወተ። ልጁ የዚያን ቀን እራቱን አልበላም፤ ማጫወቻዋን አቅፎ ተኛ።

ፍላሽ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ነው። የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ሳለ ዘፈን የሚጭንበትን የኮምፒውተር ፍላሽ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ስሙ እንደዚያው ቀረ። ሸክላው በየሠርጉ መብራትና ድምፅ የማስተካከሉን ሥራ ይሰጠዋል፤ በሰው ፊት ግን አይምረውም። «አንተ ፋይል ትከፍታለህ እንጂ ዘፈን አታጫውትም!» ይለዋል በማይክ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ፍላሽ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ያንን ፈገግታ ነው አሁን እያስታወሰች ያልወደደችው። ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየተሰደበ እንዴት ፈገግ ይላል? ቂሙን ለቀን አስቀምጦት ኖሯል!

እንዲሁ በባዶ አይደለም የጠረጠረችው። ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሹ ሳይመጣ፣ ወደዚያ ክፍል ገብታ ነበር። ወንድሟ ሠርጉን ሁሉ የሚዘጋበት አንድ ሸክላ አለ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ክብ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ቀስ ያለ የመሰናበቻ ዘፈን። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ልትሰማው፣ ብቻዋን ልታለቅስበት ፈለገች። መርፌውን ስታስቀምጥ ዘፈን የለም። ሲ...ይ...ይ የሚል ቀጭን ጩኸት ጆሮዋን በሳው። ሌላ ሞከረች፤ ያው ጩኸት። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሽፋናቸው የወንድሟ፣ መሃላቸው ላይ ያለው ወረቀት የወንድሟ፣ ሆዳቸው ግን ባዶ! ፍላሽ ለውጧቸዋል ማለት ነው። ዘፈን ያለበትን ወስዶ እርባና ቢስ ፕላስቲክ ሰግስጎበታል። ከዕድሜ ልክ ልፋቱ ለእሷ የቀረላት ያ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምን ተወላት? ልጅ የለው፣ ሚስት የለው።

ሳሎኑ በሹክሹክታ ተሞልቶ ሳለ ባለ አዳራሹ ተነሡ። ለሸክላው በሠርግ አዳራሻቸው ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የሰጡት እኚህ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው።

«ኮምፒውተር ሳይነካ የሞተ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው!» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ሞኝ ነህ አልኩት። ሣጥን ተሸክመህ ልትሞት ነው አልኩት። ‹ሸክላ አይዋሽም፣ ጋሼ› አለኝ። እስቲ ልጄ፣ ያችን መሰናበቻ አስቀምጪልን።»

«በለቅሶ ቤት ዘፈን?» አለች ጎረቤቷ፣ ደረቷን ይዛ።

«ዘፈን አላልኩም። እሱን ልስማው ነው ያልኩት።»

ማንም አልተቃወመም። ልብስ ሰፊዋ ትሪውን አስቀመጠች። ልቧ ጨክኗል። ጥሩ! ሰው ሁሉ ባለበት ይታይ፤ ሌባው ከነቦርሳው ይያዝ።

«ትንሽ ታገሱኝ» አለችና ወደ ክፍሉ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች።

ፍላሽ ከሸክላ ማጫወቻዎቹ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። ሲያያት ደነገጠና ቦርሳውን በጉልበቱ ሸፈነ።

«ክፈተው።»

«እትዬ፣ እባክዎ...»

«ክፈተው አልኩህ! የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ። እሱን ቀብረህ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! በሰው ፊት ቢሰድብህ፣ እንጀራህን የሰጠህ እሱ አይደለም?»

ፍላሽ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እሺ» አለ። «ሌባ ይበሉኝ። ይውጡና ለሁሉም ይንገሩ፤ አልከራከርም። ብቻ ቦርሳውን ይዤ ልሂድ።»

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ቦርሳውን ከእጁ መንጭቃ ገለበጠችው። ሸክላ አልወደቀም። ኮምፒውተር፣ መዳፍ የምታክል የሽቦ መሰኪያ ሣጥን፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከዚያም ታጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ጨርቅ።

ጨርቁን ሳትዘረጋው አወቀችው። የገዛ እጁን ስፌት ማን ይስታል?

ወንድሟ ነበር አንድ ቀን ሱቋ ድረስ መጥቶ ያሰፋት፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ። «ለጠረጴዛዬ ነው፤ እስከ መሬት ይውረድልኝ» አላት። «ጠረጴዛ ነው እንደ ሙሽራ የምታለብሰው?» ብላ ሳቀችበት። «ከኋላ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዪበት። አትመርምሪኝ እቴ፣ ለሽቦ ነው።» ሻይ ብትሰጠው ፊቷን እስክታዞር ጠብቆ አነሣው፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «መጠጥ ትጠጣለህ አይደል?» አለችው በቁጣ። ፈገግ ብሎ «አዎ፣ ትንሽ ትንሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አኮረፈችው! እሱም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለም።

«እጁ...» አለች አሁን፣ ጨርቁን እንደያዘች።

«ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጠጥ አልነበረም። ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የማይድን ነው አሉት።» ፍላሽ ክፍሉ ጥግ ካለው አልጋ ሥር እጁን ሰዶ ካርቶን ጎተተና አንድ ሸክላ አወጣ። መሃሉ ላይ የነበረው ቀይ ወረቀት ተልጦ ተነሥቷል። ከዳር እስከ መሃል፣ ሕፃን በሚስማር የተጫወተበት እስኪመስል ተቧጭሯል። «እውነተኛው ይሄ ነው። መርፌውን ሊያስቀምጥ ሲል እጁ እያመለጠው ሁሉንም ፋቃቸው። ሳይበላሹ የደረስኩባቸውን ኮምፒውተር ላይ ቀዳሁለት።»

«እነዚያ የሚጮኹትስ?»

«ዘፈን የለባቸውም። ኮምፒውተሩ ያንን ጩኸት እየሰማ ሸክላው መዞሩን ያውቃል፤ ዘፈኑ የሚወጣው ከኮምፒውተሩ ነው። መርፌው የትም ቢወድቅ ለውጥ የለውም። ወረቀቱን ከድሮዎቹ እየላጠ የለጠፈባቸው ወንድምዎ፣ ጋሽዬ፣ ራሱ ነው። ሰው ጠጋ ብሎ ቢያይ እንኳ የድሮው ሸክላ እንዲመስለው።»

«አንተን ግን ፋይል ከፋች እያለ...»

«ሰው እንዳይጠረጥር ከዚያ ወዲህማ የበለጠ ነበር የሚሰድበኝ።» ፍላሽ በእንባው መሃል ሳቀ። «ማታ ይደውልና ‹ልጄ፣ ዛሬ አበዛሁት?› ይለኛል። ‹አበዙት፣ ጋሽዬ› እለዋለሁ። በማግስቱ ይብሳል። ይኸው ነው እትዬ። ዕቃውን የሙያ ጓደኞቹ ሳያዩት ላወጣ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነካሁም።»

ልብስ ሰፊዋ ተቧጭሮ ያለቀውን ሸክላ ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ጭረቱ ጣቷን ያዝ ያዝ አደረጋት። ይሄንን ደብቆ ስንት ሠርግ ቆመ? ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ሰካራም መባልን መረጠ!

በሩ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ምነው ቆየሽ?» አሉ ባለ አዳራሹ። ከኋላቸው የጎረቤቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ያ ሰውዬስ አብሮ አለ? ኧረ ክፈቺ፣ ጉድ እንዳይሠራሽ!»

አሁን ብትከፍትና እውነቱን ብትናገር ፍላሽ ነፃ ይወጣል፤ ወንድሟ ግን ከመቃብሩ ወጥቶ መሣቂያ ይሆናል። ዝም ብትል ፍላሽ ሌባ እንደተባለ ይቀራል፤ ያም ለጎረቤቷ ዓመት የሚበቃ ወሬ ነው። ሸክላውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ከባዶው ቦርሳ ጋር በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋች፤ ጨርቁን አራግፋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ሽቦህን መልሰህ ሰካ» አለችው በሹክሹክታ። «ሥር ግባ።»

«እትዬ?»

«ግባ አልኩህ፣ ወንድሜ!»

ሁለት ልጆች የወለደ ሰው ኮምፒውተሩን አቅፎ እንደ ድመት ከጠረጴዛው ሥር ተሰበሰበ። እሷ ቁልፉን መልሳ በሩን ከፈተችና ከማጫወቻው ኋላ ሄዳ ቆመች። ለቅሶ ደራሹ በሩ ላይ ተደራረበ።

ባለ ቀይ ወረቀቱን ሸክላ አስቀመጠች፤ መርፌውን አነሣች። በሰው ፊት አድርጋው አታውቅም፤ እጇ ክፉኛ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ዳሩን ነክቶ ዘለለና መሃል ላይ ወደቀ። ዓይኗን ጨፈነች።

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀመረ። ያው የድሮ መንሿሿቱ፣ ያው ጠቅ ጠቅ የሚለው አቧራው ሳይቀር መጣ። አንዲት ሴት ልቅሶዋን ለቀቀችው።

«ይኸዋ!» አሉ ባለ አዳራሹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ። «ይሄ ነው ሸክላ! ኮምፒውተር ይሄን ያመጣል?»

«አያመጣም፣ ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጎረቤቷ ዓይኗን በክፍሉ ታንከራትት ነበር። «ፍላሽ የታለ? ሲወጣ አላየሁትም እኮ። ቦርሳውስ?»

«እኔ ነኝ ለጉዳይ የላክሁት። ቦርሳውንም ሞልቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በዚህ ቤት ከወንድሜ ቀጥሎ የማምነው እሱን ነው።»

ጎረቤቷ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው እየተጠጋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዝቅ ብላ ስታይ የፍላሽ የጫማ ጫፍ ከጨርቁ ሥር ብቅ ብሏል። እንባዋን የምትጠርግ መስላ አጎነበሰችና የጨርቁን ጠርዝ፣ የሙሽራ ቀሚስ እንደምታስተካክለው፣ በሁለት ጣቶቿ ይዛ እስከ መሬት ሳበችው። ጨርቁ ከውስጥ ይርገበገባል፤ ፍላሽ ድምፁን አፍኖ እያለቀሰ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መዳፏን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።