የማያውቃት ዋስ

የመርካቶ ጭድ ተራ ሰዎች ተሸካሚውን ቶላን «ዳቦ ሲገዛ እንኳ ገልብጦ ሳያይ አይከፍልም» ይሉታል። አይፈረድበትም። ከገጠር መጥቶ አውቶቡስ ተራ በወረደበት ቀን «የአገርህ ልጅ ነኝ» ያለው ሰው ሻንጣውን ላግዝህ ብሎ ተቀበለው፤ እስከ ዛሬም እያገዘው ነው። ከዚያ ወዲህ ቶላ ፈገግ ብሎ የሚቀርበውን ሁሉ በጎን ነው የሚያየው።

እናም እትዬ ሠርኬ ጠርተው «ቃሊቲ አንድ የሳሙና መጋዘን ረዳት ይፈልጋል። ቆጥሮ መረከብ ነው እንጂ ሸክም የለበትም። ደሞዙም በወር ነው» ሲሉት ደስ አላለውም፤ ደነገጠ።

እትዬ ሠርኬ ያገለገለ ጆንያ ነው የሚሸጡት። ቀድሞ ሥራ ፈላጊ የሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ድርጅቱ ሲዘጋ እሳቸው አልተዘጉም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸካሚውን ዘበኛ፣ ልብስ አጣቢዋን ገንዘብ ተቀባይ ሲያደርጉ ኖረዋል።

«ኮሚሽኑስ እትዬ?» አለ ቶላ።

«የምን ኮሚሽን?»

«የድለላው ነዋ።»

«ደላላ አደረግኸኝ? ይልቅ ዋስ ያስፈልግሃል። ደሞዝተኛ ዘመድ አለህ?»

«እዚህ አገር ማን አለኝ?»

«እንግዲያው ሀፍሷ ትሆንሃለች። ሰባተኛ ሰፈር፣ ብርድ ልብስ ማከፋፈያው ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። አታውቃትም፤ እሷም አታውቅህም።»

ቶላ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ፤ ጆንያውንም ሐሳቡንም። መርካቶ ውስጥ በነጻ የሚያስቀጥር ደላላ፣ ለማታውቀው ሰው ዋስ የምትሆን ሴት! ምናልባት ከመጋዘኑ የጠፋ ዕቃ ይኖርና የሚላከክበት ሰው ፈልገው ይሆናል። ምናልባት ተራውን ሊያስለቅቁት ነው። ከጫኝና አውራጅ ቡድን አንዴ ከወጡ ቦታው በዚያው ቀን ይያዛል፤ ልመለስ ቢሉ የሚሰማ የለም። ወገቡ ደግሞ አለ። ጠዋት ጫማውን የሚያጠልቀው ግድግዳ ተደግፎ ነው፤ በዚህ ዓይነት የሚመጣውን ክረምት ተሸክሞ እንደማይጨርስ ያውቀዋል።

በማግስቱ ወደ ሰባተኛ ወረደ። ሴትዮዋን በዓይኑ ሊመዝን ነው። ሱቁ ገብቶ አንድ ብርድ ልብስ እየዳሰሰ «ስንት ነው?» አለ።

ሳንቲም የምትመልሰው ባለ ጥቁር ሻሽ ሴት ቀና አላለችም። «ልትገዛ ነው ወይስ እኔን ልታይ ነው የመጣኸው፣ ቶላ?»

ቶላ ብርድ ልብሱን ለቀቀው። «ስሜን ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ሠርኬ በሱቃቸው በር ላይ ሆነው አሳይተውኛል። ቅዳሜ ቆሜ ሳይህ ነበር። አንድ ጆንያ ስታወርድ ስንት ጊዜ ዞረህ ታያለህ?»

«ሰው እንዳይሰርቅ ነዋ።»

«እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት። ዕቃ ይዘህ ብትጠፋ ተይዛ የምትጠየቀው ሀፍሷ ናት።»

ይህን ሲሰማ የመጣበትን ጥያቄ አወጣው። «እትዬ ሠርኬ ግን ከዚህ ምን ያገኛሉ?»

ሀፍሷ አሁን ሳቀች። «እኔም በማላውቀው ሰው ዋስትና ሲያስቀጥሩኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር። ሰው የላኩላቸው ነጋዴዎች ጆንያ የሚገዙት ከእሳቸው ነው። የላኩት ሰው ካጭበረበረ ደንበኛቸው ይሸሻል። እንዲህ ነው ነገሩ።»

ቶላን ቀለል አለው። ለነፍሳቸው ብለው ነው ብትለው ኖሮ እግሬ አውጭኝ ይል ነበር፤ ጥቅም እንዳላቸው ሲሰማ ግን አመነ።

«እስኪ አንተ ብትሆን» አለች ሀፍሷ፣ «ለማታውቀው ሰው ዋስ ትሆናለህ?»

ሊዋሽ አሰበ። «አልሆንም» አለ።

ደንበኛ ገባ፤ ሂሳብ ተቀበለች። ቶላ ሊወጣ ሲል «ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ጠብቀኝ» አለችው፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን ከፊቷ አልተነበበም።

ሰኞ ቶላ ቃሊቲ ነበር፤ ተራው ደግሞ ጠዋቱን በሌላ ተሸካሚ ተይዟል። ዘበኛው «ዋስህ ካልመጣች አትገባም» አለው። የተባለው ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ በረታ። ተጫወቱብኝ አለ በሆዱ፤ ይኸው ከዚያም ከዚህም የለሁ። ልሂድ ብሎ ተነሳ። ሄጄ ብትመጣስ ብሎ ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ፤ አጥሩን ተደግፎ ቆየና እንደገና ተቀመጠ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከለስላሳ መሸጫዋ ሱቅ ጀርባ፣ ሀፍሷ የዋስትና ደብዳቤዋን ይዛ ብቅ አለች።

«የት ቆየሽ?»

«እዚያች ሱቅ ጋ ነበርኩ።»

«እኔን እያየሽ?»

«ሁለቴ ተነስተህ ተቀመጥክ። ተናደህ ነበር፤ ግን አልሄድክም። በል ና፣ እንግባ።»

ቶላ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እሱም በእሷ ቦታ ቢሆን እዚያችው ሱቅ ጀርባ እንደሚቆም ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ዘበኛው በሩን ከፈተላቸው። ሀፍሷ ቀድማ ገባች፤ ቶላም ተከትሏት ገባ፤ ፈርማ እስክትጨርስ ድረስ ግን ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም።