የጓሮ በር

ስሙ፤ ላልሰማም አሰሙ፦ የሱሪ ሰፊው እናት የሹራብ ቁልፍ ተበጠሰ።

ነገሩ ይኸው ነው። ልጇን ግን እንደ ፍም አቃጠለው። እናትየው የሱቁን ደረጃ ወጥታ፣ የልጇን ጠረጴዛ አልፋ፣ ሹራቡን ለኮት ሰፊው አስረከበችዋ!

«እማዬ፣ እኔም እኮ መርፌ አለኝ።»

«አንተ ሱሪ ነህ፤ ሹራብ የላይ ነው» ብላው ደረጃው ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች።

ሁለቱ ሰዎች አንድ ሱቅ ተከራይተው ፊት ለፊት ይሰፋሉ። ሱሪ ሰፊው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ኮት ሰፊው መስጊድ ይሰግዳል። አንድ ሙሉ ልብስ ከሁለት ሃይማኖት ይወጣል። እናትየው ኮት ሰፊውን ስታሞግስ ትውልና መጨረሻ ላይ «የኛ አይደለም እንጂ!» ብላ ትተነፍሳለች። ሱሪ ሰፊው እስከ ዛሬ የኖረው በዚያች «እንጂ» ነው። ኮት ሰፊው ምርቃቱን በምድር ይውሰደው፤ ሰማይ ቤት ደጅ የሚቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ዛሬ ጠዋት ግን ስትጸልይ ሰማት።

«ጌታዬ፣ ያንን ኮት ሰፊ በዋናው በር ባይሆን በጓሮም ቢሆን አስገባልኝ።»

«እኔስ፣ እማዬ?»

«አንተማ የኛው ነህ፤ ምን አማላጅ ያሻሃል?»

«እንጂ»ም ተወሰደችበት።

አሁን አላስችል አለው። «ስማ፤ በናንተ ሃይማኖት እኔ የት ነው የምገባው?»

ኮት ሰፊው ከቁልፉ ቀና አላለም። «እናቴን ብትጠይቃት ይሻላል። ‹ደግ ሰው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የኛ አይደለም› ትልና እንባዋ ይመጣል። በሰገደች ቁጥር ላንተ ዱዓ ታደርጋለች። ለኔ ግን አንድ ቀንም አላደረገች! ‹አንተማ ያው ነህ› ነው የምትለኝ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ ክር ያን ያህል ንክሻ አይፈልግም። «ለመሆኑ ምን አድርገህላት ነው?»

«ኧረ ምንም! ሰላም ነው ያልኳት።»

«እኔስ ያንተን እናት ምን አልኳት?»

«እኔ እንኳ አልቀናም» አለ ሱሪ ሰፊው።

«ወይ ጉድ፣ በምኑ ይቀናል!» አለ ኮት ሰፊው።

ይሄኔ እናትየው ልትነሳ ስትል እግሯ ሸርተት አለ።

«ልጄ!»

«አቤት!» ሁለቱም እኩል ብድግ አሉ።

እጇ ግን ከአፏ ቀድሞ ወደ ኮት ሰፊው ተዘርግቶ ነበር። ይዞ አቆማት። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ልጇ «እንጂ»ን ጠበቀ፤ አልመጣችም። እናትየው ሹራቧን ተቀብላ ሄደች።

ሁለቱ ሰፊዎች ሳይተያዩ የስፌት መኪናቸውን በኃይል ይረግጡ ጀመር። በሁለቱም መርፌ ላይ ክር አልነበረም።