የአምስተኛው ዙር ወረቀት

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ በዋታባምፖ ከተማ የቤዝቦል ሜዳ፣ ከጓይማሶች ቡድን ጋር በገጠሙበት ጨዋታ አምስተኛው ዙር እንዳለቀ፣ የበር ጠባቂው ዶን ቴኦፊሎ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ መጡ። ዓይናቸው ወርዋሪውን ፊደንሲዮ ቡይቲሜያን ይፈልጋል። አገኙትም። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ቀኝ ክንዱን በጃኬት ሸፍኖ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከጎኑ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ቆሙ። ቀና ብለው የውጤት ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው ወደ ተቀባዩ ወደ ናቦር ሌይቫ ሄዱና የታጠፈ ወረቀት አስጨበጡት።

«ለእሱ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ ግን አልሰጠውም። ኋላ በእኔ ቢያላክኩ ምን ይውጠኛል? አንተ አበልጁ ነህ፣ ልጄ። አንተ ታውቃለህ።»

የኳስ ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። አንድ ወርዋሪ ዙር በዙር ላይ ሲጨምር፣ ከተጋጣሚው ወገን አንድም መቺ ኳሱን በወጉ ሳይመታበት ከሄደ፣ የገዛ ጓደኞቹ አያናግሩትም። አጠገቡ አይቀመጡም፤ ስለ ነገሩም ትንፍሽ አይሉም። የሬዲዮው ሰውዬ እንኳ ነገሩን በስሙ አይጠራውም። ያናገረው ዕድሉን ሰበረበት ይባላል። ከሃያ ዓመት በፊት በሰባተኛው ዙር ለአንድ ወርዋሪ «በርታ» ያለ አናጺ ነበር፤ እስከ ዛሬ በር ሊያሠሩ የሚሄዱ ሁሉ «በርታ!» እያሉ ይሳለቁበታል። ሰው ሞኝ ነው፤ ለሞኝነቱ ደግሞ ሕግ ያወጣል።

ናቦር ወረቀቱን ገለጠው። የፊደንሲዮ እህት ኦቲሊያ ከሆስፒታል በስልክ ያስጻፈችው ነው፤ ያኔ ስልክ በየሰዉ ኪስ አልገባም። «አባባ እየጠራህ ነው። ይምጣና ፊቱን ልየው ብሏል። ቶሎ ና፤ ሐኪሙ ለማታ አይደርስም ይላል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሆስፒታሉ ከዱቄት ፋብሪካው ወዲያ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ።

የዚህን ወረቀት ክብደት ከናቦር በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት የፊደንሲዮ እናት ስትሞት፣ ልጇ ሞንቴሬይ ነበር። «ተራዬን ወርውሬ እመጣለሁ» አለ። ወርውሮ ሲመጣ አፈር ለብሳለች። አባቱ ዶን ክሪሶፎሮ፣ በሰባት ዓመቱ ከሽምብራው ማሳ ዳር አቁመው በብርቱካን መወርወር ያስተማሩት እኚያው አባቱ፣ በሩ ላይ ቆመው «ሂድ፣ ኳስህን ቅበር!» አሉትና ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። ሽማግሌው ታመው ከተኙ ወዲህ ሁለቴ ሆስፒታል ሄዶ፣ ሁለቴም «አይግባብኝ» ብለው መልሰውታል። ዛሬ ጠሩት።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ጨዋታ አለ። ፊደንሲዮ አሥራ ስምንት ዓመት ወርውሯል። አንድ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ትልቁ ሊግ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ትከሻው ከዳውና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግማሹን ዓመት በአንድ ከተማ፣ ግማሹን በሌላ፣ አውቶቡስ ላይ እየተኛ አረጀ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰው የሚያስታውስለት አንድ ነገር አልሠራም።

ከዘጠኙ የቀረው አራት ዙር ነው፣ ብሎ አሰበ ናቦር። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ስድስት ዓመት የጠበቁ ሽማግሌ አንድ ሰዓት አያቅታቸውም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ የራሱንም ነገር አስቦ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲመዘገብ ከወርዋሪው ስም ሥር የተቀባዩ ስም ይጻፋል።

«ምንድነው እሱ?» አለው አሠልጣኙ።

«ከሚስቴ ነው። ስትመለስ ሥጋ ይዘህ ና ትላለች።»

«ጓይማሶቹን እያረድናቸው አይደል? ከእነሱ ቆርጠህ ውሰድላት!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ፤ ፊደንሲዮ ብቻ አልሳቀም። ናቦር ወረቀቱን ደረት መከላከያው ሥር ወሸቀው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሁለቱ ሲጫወቱ ያየ ሰው ጠበኞች ይመስሉታል። ተቀባይ ቁጢጥ ብሎ በጭኖቹ መካከል በጣቱ ምልክት ያሳያል፤ አንድ ጣት ቀጥ ያለች ፈጣን ኳስ ናት፣ ሁለት ጣት የምትታጠፍ። ፊደንሲዮ በመጀመሪያው ምልክት እሺ ብሎ አያውቅም። ራሱን ግራ ቀኝ ይወዘውዛል፤ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ «አንተ ከብት፣ ለእሱ ቀጥ ያለች ይወረወራል? ምነው እናትህ በግ ብታስጠብቅህ!» ይላል። ወዳጅነታቸው ይኸው ነበር። ያን ቀን ግን በሕጉ ምክንያት ስድቡም ቀርቶ ራስ መወዝወዝ ብቻ ሆነ።

በሰባተኛው ዙር መጨረሻ ፊደንሲዮ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለና ዓይን ዓይኑን አየው። የናቦር ፊት ላይ አንድ ነገር ሳያነብ አልቀረም። ናቦር አፉን ከፈተ። ከአግዳሚው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ጫማውን መሬት ላይ መታ። ናቦር አፉን ዘጋ። ጥፋቱን ሲያስታውስ የሚያስታውሰው ይህችን ቅጽበት ነው እንጂ አምስተኛውን ዙር አይደለም።

በዘጠነኛው ዙር የመጨረሻው መቺ ኳሷን ወደ ላይ ብቻ አጎናት። ናቦር ፊቱ ላይ ያለውን መከላከያ ወርውሮ አንጋጠጠ፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከጓንቱ ገባች፤ ጨዋታው አለቀ። ሜዳው ተናወጠ። ሰዉ ጥሩምባ እየነፋ አጥሩን ዘለለ። ፊደንሲዮ እየሮጠ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና አለቀሰ።

«ኳሷን ስጠኝ፣ አበልጄ! ለሽማግሌው ነው የምወስድለት። ያስገባኝ አያስገባኝ፣ ትራሱ ሥር አስደርጋታለሁ። ሬዲዮ ሰምቶ ይሆን? ምን ሆነሃል አንተ፣ ለምን አትስቅም?»

ናቦር ኳሷን ሰጠው። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ፤ ላብ አርሶት ቀለሙ ተሰራጭቷል።

ፊደንሲዮ አነበበ። «መቼ ነው የመጣው?»

«አምስተኛው ላይ።»

ፊደንሲዮ ዞረ። ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጣ። ባለ ብረት ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ የሚያጨበጭቡለትን ሳያይ፣ የዱቄት ፋብሪካውን አልፎ ሮጠ። ናቦር ከኋላው ተከተለ።

ኦቲሊያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ያየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም።

«ሦስት ጊዜ ጠራህ» አለች። «በመጨረሻው በሩን በሩን እያየ ነው የሄደው። መልእክቴ አልደረሰህም እንዴ?»

ናቦር አፉን ከፈተ። ፊደንሲዮ ቀደመው።

«ደርሶኛል» አለ።

እህቱ የለበሰውን አየች፤ በእጁ የያዛትን ኳስ አየች። «እማማን አንድ ጊዜ እንዲህ አደረግሃት። አባባንም ደገምከው» አለችና ገብታ በሩን ዘጋች።

«አበልጄ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለ ናቦር። «እግዚአብሔርን፣ አሁኑኑ ገብቼ እነግራታለሁ።» ሊሸፍንለት ይሁን ሊቀጣው፣ ፊደንሲዮ ለምን «ደርሶኛል» እንዳለ ናቦር እስከ ዛሬ አልገባውም። እነግራታለሁ ቢልም አልነገራትም። በቀብሩ ማግሥት ቤቷ ደጅ ድረስ ሄዶ፣ ውሻዋ ጮኸበትና ተመለሰ። የሰው ልጅ መፍራት ሲፈልግ ውሻ አያጣም። ከተማውም ፊደንሲዮን «ወላጆቹን በኳስ የለወጠ» ብሎ ጠራው፤ ጥሩምባ ሲነፉለት የነበሩት እነዚያው ሰዎች።

በሳምንቱ ፊደንሲዮ ሜዳ ተመለሰ። ተቀባይ ይቀየርልኝ አላለም። ናቦርን ግን ቃል አላናገረውም፤ አልሰደበውም። ምልክት ሲያሳየው ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺ ይላል፤ ያለውን ይወረውራል። አንድ ጣት፣ እሺ። ሁለት ጣት፣ እሺ። ናቦር ሌሊት እንቅልፍ ያጣው በዚህ እሺታ ነበር።

የውድድሩ የመጨረሻ ቀን እንደገና ከጓይማሶች ጋር ገጠሙ። ግዙፉ መቺያቸው ዱላውን ይዞ ቆመ። ለዚህ ሰው ቀጥ ያለች ኳስ እንደማትሰጥ የሜዳው ኦቾሎኒ ሻጮች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ናቦር ቁጢጥ አለና አንድ ጣት አሳየ። በልቡ ይለምን ነበር። እምቢ በለኝ። ራስህን አንዴ ወዝውዝ። ከብት በለኝ፣ ና ስደበኝ።

ፊደንሲዮ ጣቱን ለረጅም ጊዜ አየ። ገብቶታል። ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺ አለ፤ ቀጥ ያለችውን፣ መሐል ለመሐል ወረወረለት።

ዱላው ጮኸ። ኳሷ አጥሩን አልፋ ሽምብራው ማሳ ውስጥ ወደቀች። ፊደንሲዮ የት እንደደረሰች ለማየት እንኳ አልዞረም። ጓንቱን ዘርግቶ ሌላ ኳስ ጠበቀ።