ጎበዝ የተባለው ኮሌታ

የልጅቷ ታላቅ ወንድም በገዛ እጁ ከሞተ በኋላ ሰፈሩ አንድ ቃል ለመደ፤ «ጎበዝ»። ሐዘኑ ሳይበርድ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ መጥታ ሰዉን ሰብስባ፣ «ወጣቶቻችሁ በእናንተ ዘንድ ዋጋ እንዳላቸው ይወቁ» ብላ ሄደች። እንዴት እንደሚያውቁ አልነገረቻቸውም፤ ወይም ነግራቸው አልሰሟትም። ለሰዉ የቀለለው አፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጣት የተባለ ሁሉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ጎበዝ» ይባል ጀመር። ከአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊማ አበዛው።

«መንገድ ስትሻገሪ አየሁሽ፣ ጎበዝ!» አላት አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ ዶሮም እኮ ይሻገራል።»

አክስቷ ከውስጥ ሰምታ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

አክስቲቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የእህቷ ልጅ፣ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ከምትውል ብላ፣ ሟቹ ይሠራበት በነበረው ሁለተኛ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጠቻትና ኮሌታ ሰጠቻት። ልጅቷ ክሩን ታጠብቀዋለች፣ ጨርቁን ትጎትተዋለች፤ ኮሌታው ተጨማዶ እንደ ውሻ ጆሮ ይቆማል። አክስት ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት የሟቹ ፊት ይመጣባታል። «ጎበዝ» ትላለች። በማግስቱ ማለዳ፣ ልጅቷ ሳትመጣ፣ ኮሌታዎቹን በምላጭ ፈትታ እንደ አዲስ ትሰፋቸዋለች። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ዓይኗ ደከመ። ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ይኸው ይበቃኛል እያለች ራሷን አጽናናች።

አንድ ማለዳ ከነጩ ክምር አንዱን ብታነሳ፣ ዳር እስከ ዳር በቀይ ክር የተሰፋ ኮሌታ እጇ ላይ ወጣ።

«ትናንት ጎበዝ ያልሽኝ እሱን አይተሽ ነው።» ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች።

አክስት ምላጩን ጨርቅ ስር ሸሸገች። «ዓይኔ እኮ...»

«ዓይንሽን ተይው፣ አክስቴ። እኔ ከሰፋሁት አንድ እንኳን በልጅ አንገት ላይ ያለ አለ?»

«የኔ ልጅ...»

«አለ ወይስ የለም?»

«የለም።»

ልጅቷ ፊቷን አዙራ ወጣች። አክስት በሩን ክፍት ትታ፣ ነጠላ ጫማዋ እያደናቀፋት ተከተለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙን ግን አትጠራውም።

«በየት በኩል ሄደች?»

«ወደ ትምህርት ቤቱ» አለ ጫማ ሰፊው። «ጎበዝ ብላት እኮ...»

«ዝጋ አፍህን!»

ልጅቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚገቡትን ልጆች እያስቆመች ኮሌታቸውን ትገለብጣለች። ልጆቹ የምትኮረኩራቸው መስሏቸው ይንከተከታሉ። የአክስቷ ቃል አልበቃትም፤ በዓይኗ ልታይ ነው የመጣችው። ደወሉ ተደውሎ በሩ ሲዘጋ ባዶ እጇን አንጠልጥላ ቀረች።

«የሁላችሁም ጎበዝ ከአንገት በላይ ነው» አለች፣ ተከትላት ለደረሰችው አክስቷ። «ወንድሜንስ? አብሮሽ ሲሠራ ጎበዝ ብለሽው ታውቂያለሽ?»

አክስት መዋሸት ትችል ነበር። ውሸቱም አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንድም ቀን» አለች። «ሥራው ንጹሕ ነበር። አንድ ስፌት ፈትቼበት አላውቅም። ንጹሕ ሥራ ምን ይባላል፣ ራሱ ይናገራል እል ነበር።»

«ለሱ ሲገባው ነፈግሽው። ለኔ ሳይገባኝ አሸከምሽኝ።»

አንድ ጋሪ በመካከላቸው አለፈ።

«ለምንድን ነው የሚጨማደደው?» አለች ልጅቷ ድንገት፣ በቁጣ።

«ስለምትጎትቺው። መኪናው ራሱ ይወስደዋል፤ አንቺ ማቅናት ብቻ ነው። ክሩንም ታንቂዋለሽ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ይህቺን መናገር አቃተሽ?»

«ፈራሁ።»

ልጅቷ ቀድማት ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች። ጎን ለጎን አልሄዱም። እስከ ምሳ ሰዓት አራት ኮሌታ ሰፍታ አራቱንም ራሷ ፈታች። አምስተኛውም ተጨማደደ፤ አክስት «ተጨማዷል» አለቻት። ልጅቷ ለአፍ የሚከብድ ስድብ ሰደበቻትና መፍታት ጀመረች።

ነገ ትመጣ እንደሆነ አክስት አልጠየቀቻትም።