ወጥ ቤት ውስጥ የተሠራ ፀጉር

አየርላንድ ውስጥ ባለችው በኮርክ ከተማ አንዲትን ሴት «አምሮብሻል» ቢሏት የምትመልሰው የታወቀ ነው፤ ትክዳለች። ካፖርቷ አዲስ ከሆነ አሮጌ ነው ትላለች። በውድ ከተገዛ በርካሽ ነው ትላለች። ፊቷ ከፈካ «እንቅልፍ አጥቼ አብጦ ነው» ትላለች። ይህን ሳትል ቀርታ ዝም ብላ «አመሰግናለሁ» ያለች እንደሆነ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ልጅቷ ቀብጣለች» ይባላል። ከዚያ ወዲያም ኮርክ ውስጥ መኖር ይቻላል፤ ግን አይመችም።

ዴርቭላ ሉሲ ይህን ሥርዓት ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ኦሊቨር ፕላንኬት መንገድ ላይ ባለ አንድ ጫማ ቤት ነው። የከተማውን ሰው ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ታውቀዋለች፤ ማን አውራ ጣቱ እንዳበጠ፣ ማን ቁጥሩን እንደሚዋሽ። ለዚህም ይሆናል የከተማው ጋዜጣ የመረጣት። ጋዜጣው በየቅዳሜው አንድ የአገሬው ሰው ይጠራና የት ልብስ እንደሚገዛ፣ የት እንደሚዋብ፣ ማታ የት እንደሚያመሽ ይጠይቃል። የዴርቭላ ተራ የደረሰው ሃምሳ ዓመት በሚሞላት ሳምንት ነበር። ቃሏ የሚወጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ የልደቷ ድግስ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ።

ልትጠይቃት የመጣችው ጋዜጠኛ ሊስቤት ትባላለች። ከሆላንድ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። እሷ ባደገችበት አገር ሰው «አዎ» ካለ አዎ ማለቱ ነው፤ «አይደለም» ካለም አይደለም። ይህን ጉድ ኮርክ ውስጥ ብታወሪው የሚያምንሽ የለም።

ሻይ አዝዘው ገና ከመቀመጣቸው ሊስቤት «ካፖርትሽ እንዴት ያምራል!» አለች።

«ይሄ?» ዴርቭላ አረንጓዴ ካፖርቷን እንደ ወለል መወልወያ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አነሳችው። «ኧረ እባክሽ! ፍሎሪ ክራውሊ ሱቅ፣ ከበሩ ጀርባ ከተቆለለው ጨርቅ ውስጥ ጎትቼ ያወጣሁት ነው። በነፃ ሰጠኝ ማለት ይቻላል።»

ልብስ ሰፊው ፍሎሪ ያንን ካፖርት ሦስቴ እያስለካ ነው የሰፋው። ዋጋውን ዴርቭላ ለባሏ ለታይግ የነገረችው ግማሹን ብቻ ነው።

«ፀጉርሽስ? በጣም ነው የሚያምረው!»

«ፀጉር ብለሽው ሞተሻል! ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ከሱቅ በገዛሁት ቀለም ለቅልቄው ነው። የቆረጥኩትም ዶሮ በምገነጥልበት መቀስ ነው።»

የዴርቭላን ፀጉር የምትሠራት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነችው ኮንሴፕታ ኮክላን ናት። ሻንደን መንገድ ዳገቱ ላይ የራሷ የውበት ሳሎን አላት። የሌላ ሰው እጅ ያንን ጭንቅላት ነክቶት አያውቅም።

«ማታስ የት ታመሻለሽ?»

«ዶናካ ቱሚ መጠጥ ቤት። ጉሮኖ ነው። ቢራው ለብ ያለ፣ ወንበሩ አንካሳ፣ ሰውዬው ኩርፍተኛ። ሌላ ቦታ ሄጄ አላውቅም።»

ኮርክ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ከዚህ በላይ ሊመሰገን አይችልም።

ሊስቤት አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ጥፋቱም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ታይግ ጋዜጣውን ቁርስ ላይ ዘረጋው። ከዴርቭላ ፎቶግራፍ በላይ በትልቁ «ፀጉሬን የምሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ነው» ይላል።

ዴርቭላ ክው አለች።

«ፎቶው ጥሩ ወጥቷል» አለ ታይግ፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ። «ከበሩ ጀርባ ነው እንዴ ያገኘሽው ካፖርቱን? ታዲያ ያን ሁሉ ብር ምን አደረግሽው?»

«ዝም በል ታይግ።»

«ዝም ብያለሁ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ኮንሴፕታ ጋ ቀጠሮ አላት፤ ለድግሱ ልትሠራት። ዴርቭላ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቀርቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው እያለች ራሷን ስታጽናና ፍሎሪ ክራውሊ ሱቅ ደጃፍ ደረሰች። ሴቶች በዝናብ ተሰልፈዋል። ፍሎሪ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አያትና ከመካከላቸው እየተጋፋ ወጣ።

«አንቺ! ከበሬ ጀርባ ምንድን ነው ያለው? እስቲ ንገሪኝ!»

«ፍሎሪ፣ እኔ እኮ—»

«መጥረጊያ ነው ያለው! መጥረጊያ! ሁለት ሴቶች አንስተው ዋጋውን ጠይቀውኛል!»

«ታዲያ ሸጥክላቸው?»

ፍሎሪ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ከዚያ ግን ፊቱ ጨለም አለ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እኔስ ግድ የለኝም። ቢያንስ ስሜን ጠርተሻል። ኮንሴፕታ ግን አይታዋለች?»

ዴርቭላ ጃንጥላዋን አጥብቃ ይዛ ዳገቱን ወጣች።

ሳሎኑ ጭር ብሎ አያውቅም፤ የኮንሴፕታ ድምፅ ከዳገቱ ሥር ይሰማል። ዛሬ ግን የፀጉር ማድረቂያው ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ከሥሩ ሦስት ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሦስቱም ፊታቸውን በጋዜጣ ሸፍነዋል። ሦስቱም የዘረጉት አንድ ገጽ ነው።

«እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ሉሲ» አለች ኮንሴፕታ። «ይግቡ። ካፖርትዎን ልቀበልዎት።»

አርባ ዓመት ሙሉ «አንቺ ዴርቪ፣ አንቺ ዕብድ» ስትላት የኖረች ሴት ናት። ቢሰድቧት ይሻል ነበር።

«ኮንሴፕታ፣ በእመቤታችን ይሁንብሽ—»

«ውሃው አልበዛብዎትም? አላቃጠለዎትም?»

«እንደዚያ ያልኩት እኮ እንደዚያ ለማለት አይደለም! አንቺ ታውቂዋለሽ!»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ማዕድ ቤትዎ ውስጥ ቢሉት፣ ገበያ መሀል ቢሉት አውቀዋለሁ። ጋዜጣ የሚያነቡት ልጆች ግን አያውቁትም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ደውለው ቀጠሯቸውን ሰረዙ። አንደኛዋማ ቀለሙን ከየትኛው ሱቅ እንደገዙት ጠይቂልኝ ብላኛለች።»

ከማድረቂያው ሥር አንዷ ጋዜጣዋን ዝቅ አደረገች። «ወይዘሮ ሉሲ፣ ይቅርታሽን፣ የወጥ ቤትሽ ቧንቧ ቀዝቃዛ ብቻ ነው ወይስ ሙቅም አለው?»

የቀሩት ሁለት ጋዜጦች ተንቀጠቀጡ።

ዴርቭላ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ ተጠምጥሞ ሳለ ዓይኗ መስተዋቱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ዐረፈ። ያለፈው ወር የነበረው የቀን መቁጠሪያ ተነሥቷል። በቦታው አዲስ ምስማር ተመትቷል፤ በምስማሩ ላይም የወርቅ ቀለም የተቀባ የፎቶግራፍ ክፈፍ ተሰቅሏል። ክፈፉ ውስጥ ምንም የለም። ልኩ የጋዜጣ ገጽ ልክ ነው።

ለማን እንደተዘጋጀ ዴርቭላ ገባት።

ኮንሴፕታ ያለ ወሬ ፀጉር ስትሠራ የዚያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ታዲያ በንዴት የተሠራ ፀጉር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ዴርቭላ መስተዋት ውስጥ ስታይ ራሷን ልታውቀው አልቻለችም፤ አሥር ዓመት ተቀንሶላት፣ በላዩ ላይ ማዕረግ ተጨምሮላታል።

«ማታ ትመጪያለሽ አይደል?» አለች በር ላይ።

«እግሬን አሞኛል ወይዘሮ ሉሲ።»

ማታ ዶናካ ቱሚ መጠጥ ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዶናካ በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁሞ በጠመኔ «ወደ ጉሮኖው እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ጽፎበታል። ሠላሳ ዓመት ሲስቅ ያልታየ ሰው ጥርሱ አልገጥም ብሎታል።

«አንቺ ልጅ» አላት የኮርክን ጥቁር ቢራ እየቀዳ፣ «አባቴ ይህን ቤት ከከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያመሰገነን ሰው የለም። ‹ኩርፍተኛ› ያልሽውን እህቴ ቆርጣ ይዛዋለች።»

ዴርቭላ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ጫማ ቤት የሚሠሩት መጡ፣ የታይግ ወንድሞች መጡ፣ ፍሎሪ መጣ። ያለ ኮንሴፕታ ግን ምን ልደት አለ?

መጣች። ባትመጣ «አኩርፋ ነው» ይባላል፤ የኮርክ ሰው ደግሞ ማኩረፉ ከሚታወቅበት በዳዴም ቢሆን መምጣት ይመርጣል። «መልካም ልደት ወይዘሮ ሉሲ» ብላ ጥጉ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ግማሽ ቢራ አዘዘች። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ እስከ አንገቷ እንደተቆለፈ ነው። መጠጥ ቤት ገብቶ ካፖርቱን ያላወለቀ ሰው ያቺን ብርጭቆ ጨርሶ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ከሄደች ደግሞ ከነገ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ሉሲ» ነው።

ዴርቭላ ከሰው ጋር እያወራች የኮንሴፕታን ብርጭቆ ትቃኛለች። ግማሽ ነበር፤ ሩብ ሆነ። ሄዳ በጆሮዋ ይቅርታ ትጠይቃት እንዴ? ነውሩ የወጣው በጋዜጣ፣ ይቅርታው በጆሮ? አይሆንም። ሰው ፊት ቆሞ ማመስገን ደግሞ በኮርክ ታሪክ ያደረገው የለም።

በዚህ መሀል በሩ ተበረገደና ሊስቤት አበባ ታቅፋ ገባች። የሆነውን አታውቅም፤ ፊቷ እንደ ፀሐይ በርቷል።

«ዴርቭላ! ውይ! ፀጉርሽ! እንዴት አድርጎ ያምራል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዶናካ ቢራ መቅጃውን ዘጋው።

«ይሄ?» አለች ዴርቭላ፤ እሷ ሳትሆን ምላሷ ነው የተናገረው። «ኧረ እባክሽ፣ ይሄማ—»

ጥጉን አየች። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው አረፋ ብቻ ነው። ኮንሴፕታ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች።

ዴርቭላ ምላሷን ነከሰች። የምር ነከሰችው፤ በማግሥቱም ያማት ነበር።

«አዎ» አለች። «ያምራል።»

አንድ ሰው ትን አለው። በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኮንሴፕታ ኮክላን ናት የሠራችው» አለች ዴርቭላ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የእሷ እጅ ብቻ ነው የነካኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ፀጉር ታጥቤ አላውቅም። በዚህ ከተማ ከእሷ የሚስተካከል የለም፤ ደብሊንም የለም።»

ዋና ከተማዋን ደብሊንን መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ እዚያ ጥሩ ነገር አለ ብሎ የገመተ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«ካፖርቴንም ፍሎሪ በልኬ ነው የሰፋው! ውድ ነው! በጣም ውድ ነው!»

«ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል!» ብሎ ፍሎሪ በኀፍረት ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ደረሰ።

«ስንት?» አለ ታይግ።

 ሁሉም ጥጉን ነው የሚያየው። ኮንሴፕታ ቆማለች፤ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ቦርሳዋን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያዘችው።

«ኧረ ባካችሁ!» አለች በመጨረሻ። «እሱም ሥራ ሆኖ ነው? መቀሱ ደንዝዞ ነበር። ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የቆረጥኩት።»

ቤቱ እፎይ አለ። የዓለም ሥርዓት ወደ ቦታው ተመለሰ። ዶናካ መቅጃውን ከፈተ፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉ።

ሊስቤት ብዕሯን አወጣች። «ዓይንሽን ጨፍነሽ?»

«አትጻፊ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ልጅቷ ደንግጣ ብዕሯን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ኮንሴፕታ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«የእሷን ጻፊ» አለቻት ቀስ ብላ። «የእኔን ተዪው። ‹ደብሊንም የለም› ያለችውንም እንዳትረሺው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አለች ሊስቤት።

«ክፈፍ አለኝ» አለች ኮንሴፕታ።

ከዚያ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችውና ወደ ዴርቭላ ዞረች። ግንባሯ ላይ የወረደችውን አንዲት ዘለላ ፀጉር በጣቷ መለሰቻት፤ ራቅ ብላ አየቻት፤ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ማነው አንቺን እንዲህ የቆራረጠሽ፣ አንቺ ዕብድ?»

«አንዲት መቀሷ የደነዘዘ ሴት ናት» አለች ዴርቭላ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ግን ሌላ የማውቀው ቤት የለም።»