ከመሠረቱ ጉድጓድ የወጣው ማኅደር

ቅድመ አያቴ ባላባቱ ሙሄ ወሌ፣ አያቴ ኑርሁሴን ሙሄ፣ አባቴ ግራዝማች ይማም ኑርሁሴን በወሎ ቦረና ምድር ቃላቸው እንደ ውል የሚቆጠርላቸው ሰዎች ነበሩ። ሸንጎ ሲቀመጡ ወገባቸውን አያጎብጡም፤ የሰሙትንም ሳይመዝኑ መልስ አይሰጡም። እኔም ልጃቸው ያለው ይማም፣ በቁርኣን ቤትና በደሴ ትምህርት ቤት ተኮትኩቼ፣ ሠላሳ ዓመት በመምህርነት ሳገለግል ይህን ደንብ ጠብቄ ኖርሁ ብዬ አምን ነበር፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። የሟቹ ወንድሜ የልጅ ልጅ ኸባብ ከሰባት ዓመት የጅዳ ሥራ ተመልሶ፣ መካነ ሰላም ባለው አሮጌ ግቢያችን የብሎኬት ቤት ሊሠራ መሠረት ያስቆፍራል። እህቱን ሰልሰቢልን ደግሞ የጎረቤታችን የቢሻው ልጅ ሃሩን ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል፤ እርሷም ወዳዋለች። የቢሻው አያቶች በቤታችን ባሪያ ስለነበሩ ግን ኸባብ አሻፈረኝ ብሏል። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ የሚመጡት በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝና ነገሩን የሚቆርጠው የእኔ ቃል ነበር። ልቤም ከኸባብ ጋር ነበር።

ረፋዱ ላይ ዶማው የድሮውን የእህል ጉድጓድ አፍ ከፈተ። ከውስጡ በሰም በተነከረ ጨርቅ የተጠቀለለ የቆዳ ማኅደር ወጣ። አባቴ በ1967 የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ የቤቱን ወረቀት ሁሉ ደብቀው፣ ቦታውን ሳይነግሩን ነው የሞቱት። ሠላሳ ዓመት ስፈልገው ኖሬአለሁ።

ኸባብ ቀድሞኝ ከፈተው። አንዱን የወረቀት ቅጠል አንሥቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ ይህ ድግምት ነው።»

«በምን ዐወቅህ?»

«ዓረብኛ አሳምሬ አነባለሁ እኮ። ፊደሉ የዓረብ ነው፤ ቃሉ ግን ትርጉም የለውም። እዚያ እንዲህ ያለውን ያቃጥሉታል።»

«ጅዳ የነበርኸው ሹፌር ሆነህ ነው ወይስ ቃዲ?» አለችው ሰልሰቢል። ቆፋሪዎቹ ሳቁ።

እርሱ ግን ክብሪቱን ጫረ። በከዘራዬ እጁን መታሁት፤ ክብሪቱ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። በሰባ ዓመቴ እንዲያ መዝለል እንደምችል አላውቅም ነበር። ቅጠሉን ነጥቄ መነጽሬን አደረግሁ። ሁለት መስመር ሳነብ ከደስታ የተነሣ ሳቄ አመለጠኝ።

«አጀሚ ነው፤ በዓረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ» አልሁት። «ሼሆቻችን መንዙማቸውን የሚጽፉት እንዲህ ነበር። እኔንም አስተምረውኛል። ዓረብኛ ብትፈልግበት ከየት ይመጣል?»

«ያንብቡልን እንግዲያ» አለ፣ እንዳላመነኝ እያሳየ።

ጮክ ብዬ አነበብሁ። ሙሄ ወሌ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በገዛ ግቢያቸው ይናገሩ ጀመር፦ የወንዙ ዳር ድንበር፣ ወደ አጅባር የተላኩ ሰባት በቅሎዎች፣ ለታመመ ወዳጅ የተጻፈ ሰላምታ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ከበቡኝ። አራተኛውን ቅጠል አነሣሁ።

«በሂጅራ 1287፣ እኔ ሙሄ ወሌ ባሪያዬን ፈዲላን ለአላህ ብዬ ነፃ አውጥቻታለሁ፤ በኒካሕም አግብቻታለሁ።»

ቀጣዩን መስመር ዐይኔ ቀድሞ አየው፤ ድምፄ ቆመ። ከእኔ በቀር ሊያነበው የሚችል አልነበረም፤ ዘልዬው ባልፍ ማን ያውቅብኛል? አባቴ ወረቀቱን የቀበሩት ከመንግሥት ሸሽገው ይሁን ከእኛ፣ አላውቅም። ሰልሰቢል ግን ፊቴን ታያለች።

«ምነው አባባ፣ አለቀ?»

«አላለቀም» አልሁና ወገቤን አቃናሁ። «“ከእርሷ የተወለደው ኑርሁሴን አንድ ልጄ ነው። ቤቴንም ስሜንም ይወርሳል። እናቱን አንሥቶ የሰደበው ሰው እኔን ሰደበ።”»

ኑርሁሴን አያቴ ናቸው። ግቢው ውስጥ የቆምነው የቤቱ ልጆች ሁሉ ከእርሳቸው የወረድን ነን።

«አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለ ኸባብ። ደገምሁለት።

«ታዲያ እኛም…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

«እኛም» አልሁት። «ነገ ሰልሰቢልን ለሃሩን መስጠታችንን ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። እኔም እንደ አንተው አስቤ ነበርና አፍሬአለሁ።»

ኸባብ በተቆፈረው አፈር ላይ ተቀመጠ። ከጭቃው ያነሣውን ክብሪት ሲያገላብጥ ቆይቶ ወደ እህቱ ቀና አለ።

«ሃሩንን መንገድ ላይ አግኝቼ በዘሩ ሰድቤዋለሁ፤ አልነገርሁሽም። ዛሬ ደግሞ የፈዲላን ወረቀት ላቃጥል ነበር። በሁለቱም ተሳስቻለሁ፣ ሰልሰቢል።»