የመካነ መቃብሩ ቧንቧ

ለመንገደኛ የተተወን ውሃ የሚዘጋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ከሰው ተራ ያወጣል፤ በነጻ ስለተቀበለው ነገር ማመስገንን የረሳ ውሎ አድሮ ያንኑ ነገር መሸጥ ያምረዋልና። ባለፈው ሐምሌ በሳን-ሎብ መንደር የሆነው ይህንኑ ያስረዳል።

አንሰልም ቪዳያክ የመንደሩን ዳገት የወጣው በመጨረሻው ቀላል ማርሽና በባዶ ጠርሙስ ነበር። ከቀትር በኋላ ነው፤ በዚያ አገር ሐምሌ የበጋ ወር ነው። ሙቀቱ አስፋልቱን አልስልሶት ጎማው ሬንጁን ለቆ በተነሣ ቁጥር የሚላጥ ነገር ድምፅ ያሰማል። ግራና ቀኙ እስከ አድማስ ድረስ የሱፍ አበባ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያገኛቸው መኪናዎች አራት ብቻ ሲሆኑ አንደኛው የፖስታ መኪና ነበር፤ ሾፌሯም እጇን በመስኮት አውጥታ ሰላም ብላው አልፋለች።

ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በእነዚሁ ጠባብ የገጠር መንገዶች ላይ ሬንጅ ሲያፈስ፣ ቦይ ሲጠርግ፣ የመንገድ ዳር ሣር ሲያጭድ የኖረ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ባለፈው ጥር ልቡን ታሞ ከታከመ በኋላ ሐኪሙ፣ "ብስክሌቱን አይተዉት፤ ግን የጭነት መኪና ከሚመላለስበት ጎዳና ይራቁ። ካርታው ላይ በቀጭን ነጭ መስመር የተሠመሩት መንገዶች ይበቁዎታል። ውሃ ደግሞ በየሰዓቱ!" ብሎ ነበር ያሰናበተው። ስለዚህ አንሰልም በስተርጅና የሚነዳው በገዛ እጁ በሠራቸው መንገዶች ላይ ሆነ። ሲሠራቸው አቀርቅሮ ስለነበር ያላያቸውን ሸንተረሮች አሁን ቀና ብሎ ያያል፤ በየኩርባው ላይም ሰው ሳይሰማው፣ "ተመስገን" ይላል።

ውሃ ማለቁ ብዙ አላስደነገጠውም። የአገሩ ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያውቀውን ያውቃል፤ የደወል ቤት ከታየ መካነ መቃብር አለ፤ መካነ መቃብር ካለ ደግሞ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ። ለዚያውም የሳን-ሎብን ቧንቧ ቦይ የቆፈረው እሱ ራሱ ነው።

የብረቱን በር ገፍቶ ገባ። ቧንቧው በቦታው ቆሟል፤ መክፈቻው ግን ተፈትቶ ተወስዷል። የቀረው እንደ ተሰበረ ጥርስ የገጠጠ አራት ማዕዘን ብረት ብቻ ነው። ከበላዩ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "ውሃው ለመጠጥ አይሆንም። የመጠጥ ውሃ ከዳገቱ በላይ ካለው ካፌ ይገኛል።"

ብረቱን በጣቶቹ ሊያዞረው ሞከረ፤ አልተነቃነቀም። እንደገና ሞከረ። ላቡ መድረቁን ያን ጊዜ ልብ አለ፤ ቆዳው ደርቋል፤ ልቡ ከጎድኑ ሥር እየዘለለ ይመታል። የቀረው ዳገት ሁለት መቶ ሜትር ቢሆንም ጉልበቱ አልታዘዘለትም። ዓይኑ ጭልም ሲልበት በአጠገቡ ያገኘው የድንጋይ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

"እዚያ የተቀመጡበት የባሌ መቃብር ነው" አለው የሴት ድምፅ።

"ይቅርታ እመቤት... አሁን እነሣለሁ።"

"ኧረ ይቀመጡ! እሱ በሕይወቱም እንግዳ ይወድ ነበር" አለች ሴትዮዋ። ፊቱን ስታየው ግን ቀልዷን ዋጠችው። ከአበባ ማጠጫዋ ውስጥ ፒንሳ አውጥታ የቧንቧውን ብረት ያዘችና አዞረችው፤ ውሃው እየተንዠቀዠቀ መጣ። መጀመሪያ ማጅራቱ ላይ አፈሰሰችለት፤ ከዚያም ጠርሙሱን ሞልታ ከአፉ አስጠጋችለት።

"በትንሽ በትንሹ! ፈረስ አይደሉም እኮ!"

አንሰልም እያረፈ ጠጣ። ከሦስተኛው ጠርሙስ በኋላ የዛፎቹ ቅጠል አንድ በአንድ መታየት ጀመረለት።

"ነፍሴን ነው የመለሱልኝ" አላት። "ለመሆኑ ሰው ወደ መቃብር ፒንሳ ይዞ ይመጣል?"

"ከሐሙስ ወዲህ የመንደሩ ባልቴት ሁሉ ፒንሳ ይዛ ነው የምትመጣው። ስምንት ነን። አርሜል እባላለሁ።" ወደ ዳገቱ በአገጯ ጠቆመች። "መክፈቻውን የፈታው ሬጂስ ነው፤ ባለ ካፌው። የከንቲባዋ ምክትልም ስለሆነ መቃብሩም ቧንቧውም በእሱ እጅ ነው።"

"እናንተስ ዝም አላችሁት?"

አርሜል ፊቷ ቀላ። "ለአበባችን የሚሆነውን ስላገኘን ዝም አልን። ትናንት ሁለት ወጣት ብስክሌተኞች መጥተው ሰሌዳውን አንብበው ተመለሱ። ልጅቷ በሙቀት ቲማቲም መስላ ነበር። እኔ... ፒንሳዬን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

አንሰልም አልወቀሳትም። ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አየና፣ "ይህን ቦይ የቆፈርሁት እኔ ነኝ" አለ። "የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት። ቱቦው ከዚህ አልፎ የሚሄደው የት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"የት ነው?"

"ካፌው ወጥ ቤት።"

አርሜል ሣቋ አመለጣት። "አንድ ቱቦ ነው?"

"አንድ ነው።"

"እንግዲያው ሲበረቱ ይነሡ። ከንቲባችን ምሳዋን የምትበላው እዚያው ነው።"

ዳገቱን በእግር፣ ብስክሌቱን እየገፉ፣ በዝግታ ወጡ። ከካፌው በረንዳ ላይ ስድስት ሰባት ሰው ተቀምጧል። ከንቲባ ክሎቲልድ ባራዳ የዳክዬ ሥጋዋን ጨርሳ ቡናዋን ይዛለች። ሬጂስ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ፤ የአንሰልምን የረጠበ ሸሚዝ ሲያይ ፈገግ አለ።

"እንኳን ደህና መጡ አባባ! ውድድሩ ጥሎዎት ሄደ እንዴ? ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣ? ትንሹ ጠርሙስ አራት ዩሮ ነው።"

"ጠጥቻለሁ። ከታች።"

"ከታች?" ሬጂስ ደንበኞቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሰሌዳው አልታየዎትም? ያ ውሃ እኮ ሆድ ይበጠብጣል! እኔ በሰው ጤና አልቀልድም፤ ኃላፊነት አለብኝ።"

አንሰልም ቆቡን አውልቆ ወደ ከንቲባዋ ዞረ። "ይቅርታ ክብርት ከንቲባ፣ የያዙት ቡና በምን ውሃ ነው የፈላው?"

"በቧንቧ ነዋ!"

"ቱቦውን የቀበርሁት እኔ ነኝ። በመቃብሩ በኩል አልፎ ወደዚህ ወጥ ቤት ይገባል፤ በመካከሉ ሌላ መስመር የለም። እንግዲህ ያ ውሃ ሆድ የሚበጠብጥ ከሆነ ይህ ካፌ ዛሬውኑ መዘጋት አለበት። የማይበጠብጥ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው ሐሰት ነው።"

የከንቲባዋ ስኒ አየር ላይ ቆመ። ሬጂስ ቱቦው አርጅቷል ስላላት ብቻ የሰሌዳውን ወረቀት የፈረመችው እሷ ነበረች። ስኒውን መልሳ አስቀመጠች።

"ሬጂስ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው?"

ሬጂስ ንጹሕ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረ። "ለመንደሩ ንግድ ብዬ ነው እኮ። ብስክሌተኞቹ ውሃችንን በነጻ ቀድተው ወደ ካፌው ዘወር ሳይሉ ነው የሚሄዱት..."

"የትኛው ነው አልኩህ?"

"...ይጠጣል።"

አርሜል ፒንሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፣ ክሎቲልድ። ጥፋቱን ስትጽፊ የእኔንም እንዳትረሺው።"

ከንቲባዋ አንሰልምን፣ "ለጃንደርሞቹ፣ ለገጠሩ ፖሊሶች፣ ማመልከት መብትዎ ነው" አለችው።

አንሰልም አሰበ። ከጠዋት ጀምሮ ያለፈባቸው ጥላዎች፣ ሰላም ያለችው የፖስታ ሾፌር፣ ማጅራቱ ላይ የፈሰሰው ውሃ ታወሱት። በዚህ ሁሉ ላይ የክስ ወረቀት ጨምሮ ወደ ቤቱ መግባት አላማረውም።

"አላመለክትም" አለ። "የቧንቧውን መክፈቻ የፈታው እጅ መልሶ ይግጠመው፤ ጠርሙሴንም ይሙላልኝ። ባለቤቴ ለእራት ትጠብቀኛለች።"

ሬጂስ መክፈቻውን ከገንዘብ መሳቢያው አወጣ፤ ሽርጡን ሳይፈታ፣ በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እየተከተለው፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ሰሌዳውን ነቀለ፤ መክፈቻውን ገጠመ፤ ጠርሙሱን ሞልቶ ቀና ሳይል ዘረጋለት።

"አመሰግናለሁ" አለው አንሰልም፤ ከልቡም ነበር። ውሃ ያቀበለውን ሰው ሳያመሰግን መሄድ አልለመደበትም። ከዚያም ወደ አርሜል ዞሮ ቆቡን አነሣላትና በጠባቡ መንገድ፣ በሱፍ አበባዎቹ መካከል ወረደ።

በቀጣዩ ዓርብ የሳን-ሎብ ምክር ቤት ተሰበሰበ። ሬጂስ ከምክትል ከንቲባነቱ ተነሣ። የካፌው ስም በብስክሌት መንገዱ ሰሌዳዎች ላይ ከተጻፉት ማረፊያዎች መካከል ለሁለት ዓመት ተፋቀ። በተጨማሪም እስከ ቅዱሳን ሁሉ በዓል ድረስ፣ ብርድ ሲገባ መቃብሮች ሁሉ በአበባ እስከሚያጌጡበት ቀን፣ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘመድ የሌላቸውን ሙታን አበባ ከዚያው ቧንቧ እየቀዳ እንዲያጠጣ ተወሰነበት፤ አጠጣም።